በጣና ዳር ለምትገኝ ወላድ ማን ይደርስላታል?

(ስለ ጤና መኮንኖች የድኅረ ምረቃ ሥልጠና በራዲዮ ከተደረገው ንግግር)



በአገራችን ነጭ ጋዎን ለብሶ፥ የልብ ማዳመጫ በአንገቱ አጥልቆ የታየ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይባላል። ይሁን እንጂ በገጠር ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ሕመምተኛውን የሚመረምረው፥ መድኃኒት የሚያዘው፥ ከዐቅሙ በላይ የሆነውንም ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፈው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሕክምና ዶክተር አይደለም፤ ጤና መኮንን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ባለሙያ ማን እንደ ሆነ፥ ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ በሚሰጠው ሥልጠና እንዴት እስከ ቀዶ ሕክምና ድረስ ሊደርስ እንደ ቻለና፥ ይህም ለወገን የሚሰጠው ጥቅም በምን በምን ላይ እንደሚቆም ነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ለመረዳት የጣናን ዙሪያ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ሐይቁ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደቡብ ጫፉ የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች፤ በሰሜኑ ጎርጎራና የደምቢያ ሜዳ፥ በምሥራቁ የፎገራ ሜዳ ይዋሰኑታል፤ በመካከሉም እንደ ደቅ ያሉ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች አሉ። በባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና እንደ ጥበበ ግዮን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ነገር ግን ሐይቁ ሰፊ ነው፤ በታንኳ የሚቀዘፈው መንገድ ሰዓታት ይፈጃል፤ ክረምት ሲገባም የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በውሃና በጭቃ ይያዛሉ። ስለዚህ በካርታ ላይ ቅርብ መስሎ የሚታየው ሆስፒታል፥ ምጥ ለያዛት ሴት ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የወሊድ ችግር ደግሞ የራሱ የሆነ ሰዓት አለው። የሕክምና ሊቃውንት በአማካይ እንዳሰሉት፥ ከወሊድ በኋላ ደም በብርቱ የፈሰሳት እናት ካልታከመች በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ማኅፀኗ የተቀደደባት በ1 ቀን፤ ምጡ ተሰናክሎ ልጁ አልወጣ ያላት ደግሞ በ3 ቀን። እነዚህ ቁጥሮች ለሁሉ እኩል የማይሠሩ አማካዮች ቢሆኑም አንድ ትልቅ ነገር ያስተምሩናል። ይኸውም ከእነዚህ ችግሮች መካከል አንዳንዶቹ በመድኃኒትና በእጅ ጥበብ የሚመለሱ ሲሆኑ፥ ሌሎቹ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና መፍትሔ የላቸውም። የልጁ ራስ በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ ካልቻለ፥ የሚያድናቸው ሆድ ከፍቶ ልጁን ማውጣት ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ይህን የሚሠራ እጅ ከወላዷ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ይሆናል።

ይህን እጅ በሐኪም ብቻ ለማቅረብ እንዳይቻል የሚያግደው አንዱ ነገር የትምህርቱ ርዝመት ነው። አንድ ሰው የሕክምና ዶክተር ሆኖ፥ ከዚያም የማኅፀንና የጽንስ ስፔሻሊስት እስኪሆን ድረስ ከ10 ዓመት የማያንስ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ከጨረሰም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በትልቅ ከተማ ነው። በዚህ ሊፈረድበት አይገባም፤ የተማረው ሙያ መሣሪያውንና የሥራ ባልደረባውን የሚያገኘው እዚያ ነውና። ሆኖም የገጠሯ እናት እስከዚያ ድረስ ልትጠብቅ አትችልም።

አገራችን ይህን ጥያቄ ለመመለስ የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ የመጀመሪያው መልስም የተገኘው ከዚሁ ከጣና አካባቢ ነው። በ1953 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ ላይ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች በጣም ጥቂቶች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት በ1954 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ትብብር ተቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሐሳቡም ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ፥ ጤና መኮንኑም ሕመምተኛን ከማከሙ በላይ የቡድኑ መሪ እንዲሆን ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ቃል በሥራ ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

ይህ በጎንደር ከሆነ ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አገር በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዩጂን ስቴድ የሚባሉ ሐኪም ተመሳሳይ ነገር አሰቡ። በባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ሥራ ያገለገሉ ጥቂት ሰዎችን ሰብስበው፥ ከነርስ የሰፋ፥ ከሐኪም ያነሰ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ለማውጣት ማስተማር ጀመሩ። ይህ ሙያ «የሐኪም ረዳት» ተባለ። ዛሬ በአሜሪካ ሙያው የሚገኘው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ የማስተርስ ትምህርት ነው፤ በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ከዲግሪ በኋላ በሁለት ዓመት ይሰጣል። በ2021 ዓ.ም. የአሜሪካኖቹ ማኅበር ስሙን «የሐኪም ባልደረባ» ወደሚል ለወጠው። በእንግሊዝ ግን «ሕመምተኛው የሚያክመው ሐኪም ነው ብሎ እንዳይሳሳት» የሚል ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በ2025 ዓ.ም. የቀረበ አንድ ጥናትም ስሙ እንደገና «ረዳት» ወደሚለው እንዲመለስ መከረ። ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው ሰውነቱን የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ የማወቅ መብት አለው ማለት ነው።

በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። የባሕር ማዶው ባልደረባ የሚሠራው በአብዛኛው ሐኪም ባለበት ቤት ውስጥ ነው፤ ቢቸግረው ቀና ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ጤና መኮንን ግን ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ባለሙያ እርሱ ራሱ በሆነበት ጤና ጣቢያ ይሾማል። ስለዚህ ትምህርቱ ጠለቅ ያለ፥ ኅሊናውም ጥንቁቅ መሆን አለበት።

በአገራችን በ2009 ዓ.ም. አንድ አዲስ ደረጃ ተጨመረ። ይኸውም የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሕክምና የሚባለው የማስተርስ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ሲዘረጋ በዋናነት የታሰበው በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ በሥራ ልምድ ላገኘ ጤና መኮንን ሲሆን፥ የተወሰነለት ጊዜ 3 ዓመት ነው። የሚማረውም ልጅን በቀዶ ሕክምና ማዋለድን፥ የተቀደደ ማኅፀንን መስፋት ወይም ማውጣትን፥ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ ጽንስን ማከምን፥ የታመመ ትርፍ አንጀት ማውጣትን፥ በአደጋ የተጎዳንና አጥንቱ ተሰብሮ ቁስሉ የተከፈተን ሰው ማረጋጋትን ነው። ማዕረጉ «የድንገተኛ» የተባለውም በምክንያት ነው፤ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሊቆይ የሚችለው ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊስቱ ድርሻ ነው።

የቀዶ ሕክምና ጥበብ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ሠልጣኙ መጀመሪያ ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ መሣሪያ እያቀበለና ቁስል እየያዘ ይረዳል፤ ከዚያ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ራሱ ይሠራል፤ በመጨረሻም የሠራውን ሁሉ በመዝገብ እያሰፈረ ለመምህሩ ያቀርባል። ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን እጁን የሚመለከት አይደለም። መቼ መቅደድ፥ መቼ ደግሞ ቢላዋውን አስቀምጦ ሕመምተኛውን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ እንደሚገባ መለየት ነው።

«ሙሉ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ሆድ ይከፍታል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከተደረጉት ጥናቶች ሊገኝ ይችላል። በትግራይ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ከተደረጉት የድንገተኛ ማዋለድ ሕክምናዎች ውስጥ ከ100ው 63 ያህሉን፥ በቀዶ ሕክምና ከተደረጉት ማዋለዶችም ከግማሽ በላዩን የሠሩት ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ነበሩ። በሞዛምቢክ ደግሞ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠለጥናሉ፤ ከተመደቡ ከ7 ዓመት በኋላ ሲታዩ ከ100ው ወደ 90 የሚጠጉት በወረዳ ሆስፒታላቸው እንዳሉ ሲገኙ፥ አብረው ከተመደቡት ሐኪሞች ግን የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የሥራቸውስ ጥራት? በ2011 ዓ.ም. የታተመና 16,000 ያህል ወላዶችን የተመለከቱ ጥናቶችን ያነጻጸረ ጽሑፍ፥ በእናቶችና በሕፃናት ሞት ረገድ በሐኪሞችና በእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ጉልህ ልዩነት እንዳላገኘ ገልጿል። ነገር ግን የቁስል ማመርቀዝና የስፌት መላቀቅ በእነርሱ እጅ በታከሙት ላይ በርከት ብሎ ታይቷል። ይህን መሸሸግ አይገባም። ትርጉሙ ሥልጠናው ይቅር ማለት ሳይሆን፥ ከምረቃ በኋላ የሚያያቸው፥ የሚያርማቸው፥ የሚያስተምራቸው ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

ደግሞም ባለሙያው ብቻውን ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ አይችልም። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፥ አዋላጅ ነርስ፥ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ደም፥ ንጹሕ ውሃ፥ የማይቋረጥ መብራትና የተቀቀለ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሦስት ዓመት የተማረውን ሰው እነዚህ በሌሉበት ማስቀመጥ ገበሬን ያለ በሬ እርሻ ላይ እንደ ማሰማራት ነው። በአገራችን ሥርዓት ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የዚህ ባለሙያ ዋና ቤት ነው። የሆስፒታሉ በር ተከፍቶ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቢዘጋ ግን ወላዷ ያው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መጓዟ አይቀርም።

በአገራችን በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት፥ ከ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ2000 ዓ.ም. 871 ተብሎ ሲገመት፥ በ2016 ዓ.ም. 412 ተብሎ ተገምቷል። ይህ የብዙ ሰዎችና የብዙ ሥራዎች ውጤት ነው፤ ለአንድ ሙያ ብቻ ሊሰጥ አይገባም። የቀረው 412 ግን እያንዳንዱ የአንድ ቤት ምሰሶ መሆኑን መርሳት የለብንም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንድን ነው? ለዚህ ሥልጠና የምትዘጋጁ ጤና መኮንኖች ሆይ፥ ማዕረጋችሁን አክብሩት፤ ያልሆናችሁትንም አትባሉ። ሕመምተኛው «ዶክተር» ሲላችሁ ማን እንደ ሆናችሁ በትሕትና ብትነግሩት ክብራችሁ አይቀንስም፤ እምነቱ ግን ይጨምራል። አስተዳዳሪዎችም ሠልጥኖ የመጣውን ባለሙያ ለማቆየት መኖሪያውን፥ መሣሪያውንና ቀጣይ ትምህርቱን አስቡለት፤ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ያጣ ሠራተኛ በቦታው አይጸናም። እናንተም ባሎች፥ አማቶችና ጎረቤቶች፥ ምጡ ከመምጣቱ በፊት ጀልባውን ወይም መኪናውን፥ ገንዘቡን፥ ደም የሚለግሰውንም ሰው አዘጋጁ። ባለሙያው በሐይቁ ዳር ቢቀመጥም ወላዷ ከቤት ካልወጣች ሊደርስላት አይችልምና።

ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደር ያሳየችን መንገድ ይህ ነው፦ ሐኪም እስኪበዛ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ፥ ያለውን ወጣት በሚገባ አስተምሮ፥ ወሰኑን አሳይቶ፥ የሚረዳውን አብሮ መላክ። ወሰኑን ካላወቀ ሙያው አደጋ ይሆናል፤ የሚረዳውን ካላገኘ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሁለቱ ከተሟሉለት ግን በጣና ዳር ምጥ የያዛት እናት በ2 ሰዓት ውስጥ የሚደርስላት እጅ አላት።