የሕፃናት የአንጀት መቆጣት በጋምቤላ፡ አለመመዝገቡ አለመኖሩን ያሳያልን?

በጋምቤላ ከተማም ሆነ በክልሉ ወረዳዎች እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ወደ ጤና ተቋማት ከሚመጡባቸው ሕመሞች መካከል ተቅማጥ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ክረምት በገባ ቁጥር የባሮ ወንዝ ሞልቶ በሚያጥለቀልቃቸው አካባቢዎች የመጠጥ ውኃ ስለሚበከል ችግሩ ይባባሳል። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ የተከሰተው የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ የጀመረው በዚሁ ክልል ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኮሌራ በክልሉ ተቀስቅሶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ጥናቱ ከመካሄዱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 13 በመቶ የሚሆኑት በተቅማጥ ታመው ነበር።

ይሁን እንጂ ተቅማጥ ሁሉ በተበከለ ውኃ ወይም ምግብ የሚመጣ አይደለም። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል የራሱን አንጀት ሲያጠቃ የሚከሰት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍና ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት አለ። ዋነኞቹ ዓይነቶች የክሮንስ በሽታና አልሰረቲቭ ኮላይተስ የተባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ናቸው። ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ ሕመሙ የሚጀምራቸው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በሕፃናት ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የክብደት መቀነስና የዕድገት መቀጨጭ ያስከትላል።

የበሽታው ስርጭት ከአካባቢ አካባቢ በእጅጉ ይለያያል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዛት ይታያል፤ በካናዳ በየዓመቱ ከ100 ሺህ ሕፃናትና ወጣቶች መካከል 10 ያህሉ አዲስ ታማሚ ይሆናሉ። በእስያ ከተሞችም ኑሮና አመጋገብ እየተለወጠ በመጣ መጠን የታማሚዎች ቁጥር ጨምሯል። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የሚቀርቡት ዘገባዎች ግን በአብዛኛው በየሆስፒታሉ በታዩ ጥቂት ሕሙማን ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ለዚህ ልዩነት መንስኤው ዘር ብቻ አለመሆኑን የቤተ እስራኤላውያን ተሞክሮ ያስረዳል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በተወሰዱት ወገኖች ዘንድ በሽታው መጀመሪያ ላይ እምብዛም አልነበረም። በአዲሱ አገር ዓመታት ካሳለፉ በኋላ፣ በተለይም እዚያ በተወለዱት ልጆቻቸው ላይ እየታየ መምጣቱን ጥናቶች አረጋግጠዋል። የአመጋገብና የአኗኗር ለውጥ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው ይታመናል።

በጋምቤላ በሽታው ቢኖር እንኳ እንዳይታይ የሚያደርጉ ምክንያቶች በርካታ ናቸው። በጤና ኬላ ደረጃ ሕመሙ የሚመዘገበው በምልክቱ ሲሆን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በቅድሚያ እንደ ተላላፊ በሽታ ይታከማል። ይህም ተገቢ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በአንጀት ላይ ሲያርፍ፣ አሜባና ቢልሃርዚያም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። የኤች አይ ቪ ሕሙማንም ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ተቅማጥ ይጠቃሉ፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ የኤች አይ ቪ ስርጭት በጋምቤላ 4.8 በመቶ ሆኖ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የአንጀት መቆጣትን ለይቶ ለማወቅ በካሜራ አንጀትን ማየትና ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ አገልግሎት ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ለአንድ አርሶ ወይም አርብቶ አደር ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ሕመሙን በግምት ማከምም አደገኛ ነው። የአንጀት መቆጣትን የሚያስታግሱት እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙ፣ ነቀርሳ ወይም አሜባ ላለበት ሕፃን ከተሰጡ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላሉ። በተቃራኒው የአንጀት መቆጣት ያለበት ሕፃን ተደጋጋሚ ፀረ ተሕዋስያን እየተሰጠው ቢቆይ ሰውነቱ እየመነመነ ይሄዳል።

የክልሉ ቀዳሚ ሥራ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ማዳረስ፣ በ2006 ዓ.ም. በመደበኛነት መሰጠት የጀመረውን የሮታ ቫይረስ ክትባት ለሁሉም ሕፃናት ማድረስ እንዲሁም ኦ አር ኤስና ዚንክ ከጤና ኬላ እንዳይጠፉ ማድረግ መሆኑ አያጠያይቅም። የአንጀት መቆጣት በካናዳው መጠን ቢከሰት እንኳ ከተላላፊው ተቅማጥ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

ነገር ግን ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ጥንቃቄ አለ። ተቅማጡ 14 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየበት፣ ታክሞ ደሙ ያላቆመለት፣ ወይም ፕላምፒ ነት እየተሰጠው ክብደት ያልጨመረ ሕፃን ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ከመውሰድ ይልቅ የሰገራ፣ የነቀርሳና የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊደረግለት፣ መንስኤው ካልታወቀም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። ቀደም ሲል የተሰጠው መድኃኒትና የክብደቱ መዝገብ በሪፈር ወረቀቱ ላይ መስፈሩ ተቀባዩን ሐኪም ይረዳዋል። በጤና ጽሕፈት ቤቶች ያሉ ኃላፊዎች እነዚህን ሕፃናት ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ እንዲያዝ ቢያደርጉ፣ በክልሉ የሌለውን በሽታ ካልታየው ለመለየት የሚያስችል መነሻ ይገኛል።