የጓሮ ድንች ሂሳብ ከዘሩ ይጀምራል

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ካሬ ሜትር ጓሮ ያለው ሰው ድንች ለመትከል ሲያስብ ዘሩን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከማድ ቤቱ ነው። ከአትክልት ተራ ወይም ከሰፈር ጉልት ተገዝቶ ጆንያ ውስጥ የበቀለው ድንች ከሚጣል ይተከላል። ወጪ የለውምና ትርፉ የተረጋገጠ ይመስላል።

ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። 20 ካሬ ሜትር መደብ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተሰጥቶ ሲተከል 88 ያህል ፍሬ ይፈጃል። እያንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ቢያክል ከ4 እስከ 5 ኪሎ መሆኑ ነው። በሔክታር 150 ኩንታል የሚሰጥ ማሳ ወደዚህ መደብ ሲመነዘር 30 ኪሎ፣ 300 ኩንታል የሚሰጠው ደግሞ 60 ኪሎ ይሆናል። መሬቱም ጉልበቱም ያው ሆኖ ምርቱ በግማሽ የሚቀንሰው ብዙውን ጊዜ በዘሩ ሳቢያ ነው።

ምክንያቱን ገበያ የሚያውቅ ሰው አያጣውም። ገበሬው ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ያስቀራል። ከትንንሹ መካከል በበሽታ ተዳክሞ ያላደገ ተክል ያፈራው አለበት። ከሁሉም የከፋው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ደጋ ላይ የበቀለ ድንች በሽታውን ይዞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ደላላም ሆነ ነጋዴ በዓይኑ አይለየውም። ጓሮ ከገባ በኋላ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ያጠወልጋል። የተጠረጠረ ተክል ግንዱ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሲንጠለጠል ወተት የመሰለ ክር ካፈሰሰ ነገሩ ለይቶለታል።

ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ (እ.ኤ.አ. 2002)፣ ጉዳኔ (2006) እና በለጠ (2009) በምርታቸው ስም አግኝተዋል። ሆኖም የዝርያው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በለጠም ቢሆን ከታመመ ማሳ ከመጣ የታመመ ዘር ነው። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ድንቹ የት፣ በማን ማሳ ላይ ለዘር ተብሎ እንደተመረተ ነው።

አዲስ የተቆፈረ ድንች ደግሞ ወዲያው አይበቅልም፤ እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። በዚህ ጊዜ አያያዙ ከምግብ ድንች ጋር ተቃራኒ ነው። የምግቡ ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፣ ይመርዛልም። የዘሩ ግን ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ብርሃንና ነፋስ ግን በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ሳስቶ ይሰጣል። አረንጓዴ ቢሆን አይጎዳም። ቡቃያውም አጭርና ወፍራም ይሆናል። ጆንያ ውስጥ የበቀለው ረጅምና ነጭ ስለሆነ ገና ሲነካ ይሰበራል።

ለባለሀብት ደግሞ ጓሮው ትንሽ ማሳያ ነው። ስንዴ በሔክታር ከ2 ኩንታል ባልበለጠ ዘር ሲዘራ ድንች 20 ኩንታል ገደማ ይጠይቃል። ዘሩ ከባድ፣ ማመላለሻው ውድ፣ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ በመሆኑ ከመደበኛው የዘር ንግድ ብዙው ድርጅት ይሸሸዋል። ክፍተቱን የሚሞላው የምግብ ድንች ነጋዴ ነው፤ በተከላ ሰሞን ያንኑ ጆንያ ዘር ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል።