እከክ፦ አንድ ብርድ ልብስ፣ ብዙ ታካሚ

የባሌዋ ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከእሷም ከፍ ትላለች። ሲመሽ የባሌ ብርድ ሰውን ወደ ቤት ይሰበስባል፤ ልጆችም ከእናት ወይም ከአያት ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ይጠቀለላሉ። ለብርዱ ደግ መላ ነው። ለእከክም እንዲሁ ይመቻል።

በአማርኛ እከክ፣ በኦሮምኛ ጪቶ የሚባለውን በሽታ የምታመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ባለስምንት እግር ተባይ ናት። እንስቷ የላይኛውን ቆዳ እየቦረቦረች ትገባለች፤ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል እየጣለችም አንድ ወር ያህል እዚያው ትኖራለች። በጣቶች መሐል ወይም በእጅ አንጓ ላይ አስተውሎ ላየ፣ መተላለፊያዋ በእርሳስ የተጫረ ጠማማ መስመር ይመስላል። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከ10 እስከ 15 ተባዮች ብቻ ናቸው። የሚያሳክከው ሰውነት ለእነሱ፣ ለእንቁላላቸውና ለኩሳቸው የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ይህ ምላሽ ጊዜ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ማስተላለፉን ግን አይተውም። ስለዚህ አንዱ ልጅ ማከክ ሲጀምር፣ አብረውት የሚያድሩት ተይዘው ሊሆን ይችላል።

«ስላልታጠበ ነው» የሚለው ፍርድም ውኃ አያነሳም። ገላን መታጠብ ተባይዋን ከጉድጓዷ አያወጣትም፤ የምትተላለፈውም በዋናነት ቆዳ ለቆዳ ሲነካካ ነው። የቆሎ ተማሪዎች፣ እስረኞችና ተፈናቃዮች ተደጋግመው የሚጠቁት ተጨናንቀው ስለሚያድሩ ነው። ከ2008 ዓ.ም. የኤል ኒኞ ድርቅ ጋር ተያይዞ የእከክ ወረርሽኝ አማራ ክልልን ሲያዳርስ፣ በኋላ በተካሄደው ዘመቻ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ዘግይቷል።

 

መድኃኒቱ አለ፦ የፐርሜትሪን ክሬም፣ ቢቢኤል (የቤንዚል ቤንዞኤት ቅባት)፣ የድኝ ቅባት ወይም የአይቨርሜክቲን ኪኒን። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላይ ምርጫው ስለሚለይ ለባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። ቅባቱ ያሳከከው ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ እንደ ትእዛዙ ተደጋግሞ ይቀባል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ልጁን ብቻ ቀብቶ እዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ መልሶ ሲያስተኛው ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ከሕክምና በኋላ ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላልና፣ አልሠራም ብሎ በላይ በላዩ መቀባት አያስፈልግም። የስንዴ ተባይ ማጥፊያ ገላ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ራስን መመረዝ ነው። ቁስሉ መግል ከያዘ ሳይዘገዩ መታየት ይገባል፤ ቁስሉን የሚያመረቅዘው ባክቴሪያ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ታዲያ «ልጄን አሳከከው» ብቻ ብለው አይመለሱ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድርም ይናገሩ።