«የማያመኝ ቦታ ይሄ ነው»

ቀጭን ሰው ኢንሱሊን ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የሚለገሰው ምክር አለ፦ «አንተ ሥጋም የለህ፤ ትንሽ ስብ ያለበትን ቦታ ፈልገህ እሱን ያዝ። የለመደ ቦታ አያምም።» ምክሩ ከቆየ ታማሚ ወደ አዲሱ፣ ከአክስት ወደ እህት ልጅ፣ ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ በስልክ ይሻገራል። እዚህ በሲሪንጅ የሚወጋውም፣ እዚያ ወገቡ ላይ ፓምፕ የታጠቀውም እኩል ይቀበለዋል። ስለ ኢንሱሊን ከሚነገሩ የተሳሳቱ እምነቶች መካከል የዚህን ያህል ድምፁን አጥፍቶ ሰው ሲጎዳ ያየሁት የለም። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ፤ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቁ።

ተረት፦ ቀጭን ሰው አንድ የለመደ ቦታ ይበቃዋል

ምክሩ ከባዶ አልተነሣም። ቀጭን ሰው ሆዱን በሁለት ጣቱ ሲቆነጥጥ የሚያነሳው ከቆዳ ብዙም አያልፍም። ቆዳ ውስጥ የምትቀረውን የፓምፑን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላዋን፣ ጭኑ ላይ ቢተክላት ጡንቻ ትነካና በተራመደ ቁጥር ትወጋዋለች፤ አለዚያም ትታጠፍና ኢንሱሊኑ መንገድ ያጣል። በመርፌም ቢሆን ጡንቻ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ከሚጠበቀው ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚደርስ፣ በተለይ ሰውየው ከሮጠ ወይም ከባድ ሥራ ከሠራ፣ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከእምብርቱ ጎን ያለችው፣ መዳፍ የማትሞላ ቦታ ግን አስቸግራው አታውቅም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብሎ እሷኑ ቢመላለስባት ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከማውረድ ሌላ ስብ እንዲከማች የማዘዝ ሥራም አለው። በአንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም እዚያ ያሉት የስብ ሕዋሳት ያብጣሉ፤ በመካከላቸውም እንደ ጠባሳ የጠነከረ ሥጋ ይሠራል። ሐኪሞች ሊፖሃይፐርትሮፊ ይሉታል። ያበጠው ቦታ ስሜቱ ስለሚደነዝዝ መርፌው ብዙም አይሰማም፤ ሰው «ለመደልኝ» የሚለው ይህንን ነው። ቀጭን ሰው ላይ ደግሞ ማታለሉ ይብሳል። ሲመኘው የኖረውን ስብ ያገኘ ይመስለዋል፦ መርፌ ያለ ችግር የሚገባበት፣ ካኑላ የማትታጠፍበት፣ ሙሉ ሆኖ በእጅ የሚያዝ ጉብታ። ሊሸሸው ሲገባ ጭራሽ ይጠጋዋል።

የዚህ ጉብታ ጠባይ ደለል እንደሞላው ቦይ ነው፤ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ያጠራቀመውን ይለቃል። በ2016 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን 13 ሰዎች አንዴ ጤነኛ ሥጋቸው ላይ፣ አንዴ ጉብታቸው ላይ ኢንሱሊን ሰጥቶ አመዛዝኖ ነበር። ጉብታው ላይ የተሰጠው ያነሰ ሠራ፤ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር ከሩብ በላይ ከፍ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን መዋዠቁ ነው፤ ያው መጠን ለዚያው ሰው ቢሰጥም ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም።

በ2013 የታተመ የስፔን ጥናት ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጉ 430 ሰዎችን መርምሮ ጉብታ ያገኘባቸው 64 በመቶ ያህሉ ላይ ነው። ምክንያቱ የማይታወቅ የስኳር መውረድ ከእነዚህ 39 በመቶው ላይ ሲታይ፣ ጉብታ ከሌላቸው ግን 6 በመቶ ገደማው ላይ ብቻ ነበር። ጉብታ ካወጡት መካከል 98 በመቶው ወይ ቦታ አይቀያይሩም፣ ወይ በተሳሳተ መንገድ ይቀያይሩ ነበር።

ቁጥሩ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጎረምሳው ምሳውን በልክ በልቶ ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወስዳል። ማታ ሲለካ 320። እናት «ከረሜላ በልተሃል» ትላለች፤ ልጁ ይምላል፤ የሚያምነው የለም። በክትትሉ ቀን ሐኪሙ መዝገቡን አገላብጦ መጠኑን ይጨምርለታል። ያ የተጨመረው መጠን አንድ ቀን በአጋጣሚ ጤነኛ ቦታ ላይ ይወጋል፤ ሌሊቱን ልጁ በላብ ተዘፍቆ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። በማግሥቱ ቤተሰቡ በሙሉ ኢንሱሊኑን መፍራት ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መካከል ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን የዳሰሰ አንድ ሰው የለም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ይሄ ነው። «የለመደ ቦታ» የሚለውን ምክር የሚነዙት ሰዎች በቅንነት ነው የሚናገሩት፤ እሺ። ቦታውን ሳያይ መጠን የሚጨምር ባለሙያ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ጉብታ ከዓይን ይልቅ በጣት ይገኛል። ገላ ሲታጠቡ ጣቶችን በሳሙና አለስልሶ ከጤነኛው ቆዳ ወደሚወጉበት ቦታ ቀስ እያሉ መዳሰስ ነው። ጣት ሲሻገር ሥጋው ከለስላሳ ወደ ደደር ያለ ከተለወጠ ድንበሩ እዚያ ነው። ከዚያ ቆንጥጦ ማንሣት፦ ጤነኛው ቦታ ስስ ሆኖ ይነሣል፤ ያበጠው ወፍሮ እሺ አይልም። ድንበሩን በእስክሪብቶ አክብቦ ለነርስ ማሳየትም ይቻላል።

የተገኘ ጉብታ ይተዋል፤ አይታሽም፣ አይወጋም። ከጥቂት ወራት እስከ ከዚያ የሚረዝም ጊዜ ወስዶ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ የማን ጉብታ መቼ እንደሚጠፋ ግን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፦ ከጉብታ ወደ ጤነኛ ቦታ የሚሻገር ሰው የቀድሞ መጠኑን እንዳለ ይዞ መሻገር የለበትም። ኢንሱሊኑ አሁን በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። የሚቀነሰው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከ20 በመቶ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ደጋግሞ እየለኩ መሻገር ነው።

ታዲያ ቀጭኑ ሰው የት ይሂድ? ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጎንደር አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው በርካታ ታማሚዎች ቀጫጭን፣ በድህነት ያደጉ የገጠር ወጣቶች መሆናቸውን ከጻፉ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ለይቶታል።

መልሱ አንድ ቦታ መፈለግ ትቶ ቦታ ማብዛት ነው። ብዙ ቀጫጭን ሰዎች የሚረሱት ሀብት ከኋላ አለ፦ የመቀመጫው የላይኛው የውጭ ክፍል። ፊቱ አጥንት የሆነ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ እዚያ ስብ አያጣም። ቀበቶ የሚያርፍበትን መስመር ብቻ መሸሽ ነው። ከዚያ የሆዱ ግራና ቀኝ ጎን፣ ከእምብርት አራት አምስት ሴንቲሜትር ርቆ፤ የጭን የላይኛው የውጭ ጎን፤ የክንድ የኋላ ክፍል። ክንድ በጣም ለቀጠነ ሰው ጡንቻ ስለሚቀርብ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። የስኳር መለኪያ ሴንሰር ያለበት ሰው ካኑላውን ከሴንሰሩ ያርቅ።

ፓምፕ ላይ ያለ ሰው እነዚህን ግራና ቀኝ ለየብቻ ቆጥሮ ስምንት ቦታዎች ቢያደርጋቸውና በየሦስት ቀኑ ቢቀይር፣ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ከ24 ቀን በኋላ ነው። ቆዳው የሚያርፍበት ጊዜ አገኘ ማለት ነው። በመርፌ በቀን አራት ጊዜ የሚወጋ ሰው ደግሞ ሆዱን በአራት ከፍሎ በሳምንት አንዱን ክፍል ይጠቀማል፤ በክፍሉም ውስጥ እያንዳንዱን መርፌ ከቀድሞው ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር፣ የጣት ስፋት ያህል፣ ያርቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይምታታ። ሬጉላርና ኤንፒኤች የሚባሉትን የቆዩ ኢንሱሊኖች የሚወስድ ሰው፣ ከሆድ ሲወጋ ቶሎ፣ ከጭንና ከመቀመጫ ሲወጋ ዘግይቶ ይሠራለታል። ለእሱ የጠዋቱ ሁልጊዜ ሆድ፣ የማታው ሁልጊዜ ጭን ቢሆን ይመረጣል፤ የሚቀያየረው በሆዱ ወይም በጭኑ ውስጥ ያለው ነጥብ ነው። «ቦታህን አትቀያይር» የሚለው ምክር ምናልባት ከዚህ ተጣሞ የወጣ ይሆናል።

ተረት፦ ረጅም መርፌ መድኃኒቱን በደንብ ያደርሳል

አያደርስም፤ ቀጭን ሰው ላይ ጡንቻ ውስጥ ይከተዋል። በአሜሪካ 388 አዋቂዎች ላይ በተደረገና በ2010 በታተመ ልኬት፣ የቆዳ ውፍረት እንደ ቦታው በአማካይ ከ1.9 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቀጭንና በወፍራም መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የሚለያየው ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው የፔን መርፌ ለሁሉም ቆዳ ያልፋል። 8 ሚሊ ሜትር ሲሪንጅ ብቻ ያገኘ ቀጭን ሰው ቆዳውን በሁለት ጣት አንሥቶ፣ መርፌውን ወደ 45 ዲግሪ አጋድሞ ይውጋ።

ተረት፦ ፓምፕ ለቀጭን ሰው አይሆንም

ይሆናል፤ ሕፃናትም ያደርጉታል። የሚያስፈልገው ትክክለኛውን ካኑላ መምረጥ ነው። ቀጥ ብሎ የሚገባው ለስላሳ ካኑላ 6 እና 9 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ለቀጭን ሰው 6ቱ ነው። እሱም ከታጠፈ፣ ተጋድሞ የሚገባ ዓይነት አለ፤ 13 ሚሊ ሜትር መሆኑ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ግን በሰያፍ ስለሚገባ ከጡንቻው በላይ ይቀራል። ሦስተኛው የብረቱ ነው፤ ስለማይታጠፍ ብዙ ቀጫጭን ሰዎች ይወዱታል፣ ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ መቀየር አለበት።

ተረት፦ ካልቆጠቆጠ መቀየር አያስፈልግም

ዕቃው ውድ ነውና ማስረዘሙ ይገባኛል። ሆኖም የተለመደው ለስላሳ ካኑላ የተሠራው ለሁለት እስከ ሦስት ቀን ነው፤ ለሰባት ቀን የተሠራ ካለ ማሸጊያው ላይ ይናገራል። ፓምፕ ውስጥ ያለው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ ካኑላው ሲዘጋ የሚተካው መጠባበቂያ ሰውነት ውስጥ የለም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኪቶን የሚባለው አደገኛ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል። ስኳር ወጥቶ በፓምፑ ማስተካከያ ካልወረደ፣ ተጨማሪውን በፔን ወይም በሲሪንጅ ወግቶ ካኑላውን መቀየር ነው። ቅያሬውም ሊተኙ ሲሉ ሳይሆን፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መለካት በሚቻልበት ሰዓት ይሁን።

ተረት፦ ደም ጠብ ካለ መድኃኒቱ ፈሷል

መርፌው ሲወጣ ጠብ የሚል ደም ትንሽ የደም ሥር መነካቱን እንጂ ሌላ አያሳይም። ጥጥ ይዞ ጫን ማለት ይበቃል። ደግሞ መውጋት ግን አደገኛ ነው፤ እጥፍ መጠን መውሰድ ሊሆን ይችላል።

ለታማሚም ለባለሙያም የምለው አንድ ነው። ስኳር ያለ ምክንያት ሲዋዥቅ ከመጠኑ በፊት ቦታው ይታይ። ታማሚው በሚቀጥለው ክትትል «የምወጋበትን ዳስሱልኝ» ብሎ ይጠይቅ፤ ዳሰሳው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባለሙያው ካልዳሰሰ ደግሞ መጠን ጨማሪውን ወረቀት ከመቀበሉ በፊት ታማሚው ራሱ ሸሚዙን ይግለጥ።