የአውሎ ነፋስ ዘርና ማሳው

በሐምሌ ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ረፋዱ ብራ ይሆንና እኩለ ቀን ሲያልፍ በጮቄ ተራራ በኩል ዳመናው ይቆለላል፣ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል። ብዙ ሳይቆይ ዶፉ ቡሬ ይደርሳል። በረዶ የቀላቀለ እንደሆነ የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ ገና የተተከለው የበርበሬ ችግኝ ቅጠሉ ይበጣጠሳል፤ ገበሬው ጎርፉ ማሳውን እንዳይወስድበት ቦይ ሊከፍት ይሮጣል። ዳመናው ግን ወደ መተከል፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ ለማወቅ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ፍለጋው የተጀመረው ከመድረሻው ነው። ጎርደን ደን የተባለ አሜሪካዊ የአየር ትንበያ ባለሙያ በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሪቢያን ደሴቶች የአየር ግፊቱ በየጥቂት ቀኑ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ይህም ለውጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደሚጓዝ አሳየ። የሳተላይት ዘመን ከመጣ በኋላ ቶቢ ካርልሰን ሃሪኬን የሚባሉ ሦስት ብርቱ የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶችን ወደ ኋላ እየተከተለ አፍሪካ ምድር ላይ አደረሳቸው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1969 ነው። በ1972 ደግሞ ሮበርት በርፒ ምክንያቱን አብራራ። በእኛ ክረምት ሰሃራ ይግላል፤ ከሱ በስተ ደቡብ ያለው ምድር ግን እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ይህ ልዩነት የጮቄን ጫፍ በሚያህል ከፍታ፣ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ምዕራብ የሚምዘገዘግ የነፋስ ጅረት ይፈጥራል። ጅረቱ ይዋዥቅና በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ አንድ ሞገድ ይወጣዋል። ሞገዱን የሚቀሰቅሰው አንዱ ነገር በሱዳንና በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ የሚነሳው ብርቱ ነጎድጓድ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ በ2003 መጣ። ክሪስቶፈር ሂልና ዩላንግ ሊን የ2000ውን ሃሪኬን አልቤርቶን በሳተላይት ምስል ወደ ኋላ ሲከተሉ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ላይ ከተነሳ የነጎድጓድ ዳመና ክምችት ጋር አገናኙት። ያ ዳመና ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአፍሪካን ስፋት አቋርጦ ውቅያኖስ ላይ ከደረሰ በኋላ ሃሪኬን ሆነ፤ አትላንቲክ ላይም ሃያ ቀን ያህል ቆየ። ይህ ከስንት አንዴ የሚገጥም ነገር አይደለም። በየዓመቱ ስልሳ ያህል ሞገዶች ከአፍሪካ ወደ አትላንቲክ ይወጣሉ፤ እዚያ ከሚነሱት ኃይለኛ ሃሪኬኖች 85 በመቶ የሚሆኑት ከእነሱ የሚወለዱ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ምድር ስትሞቅ ነጎድጓዱ ይበዛል፣ ሞገዱም ይበዛል፣ አውሎ ነፋሱም ይበዛል ባልን። በ2018 ክርስቲና ፓትሪኮላና ባልደረቦቿ ይህንን በኮምፒውተር ሞዴል ፈተኑት። ከአፍሪካ የሚመጡትን ሞገዶች ከሞዴሉ አወጧቸው። የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች ቁጥር ግን አልቀነሰም! ውቅያኖሱ ሞቆ ከተዘጋጀ ሌላ መነሻ ያገኛል ማለት ነው። ዘር ስለበዛ ምርት እንደማይበዛ የጎጃም ገበሬ ያውቃል፤ ብዛቱን የሚወስነው ማሳው ነው። ሞገዱ ግን አውሎ ነፋሱ የትና መቼ እንደሚነሳ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሆኖ ይቀራል።

ማሳው፣ ማለትም ውቅያኖሱና በላዩ ያለው አየር፣ ታዲያ በሙቀቱ ምን ይሆናል? እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህ ነው። ሞቃት አየር እስኪጠግብ ብዙ እንፋሎት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከባሕሩ በላይ ያለው መካከለኛ አየር ከጥጋቡ ይርቃል፤ ወደ ላይ የሚወጣው አየርም ይዳከማል። ለጋው ማዕበል በዚህ ደረቅ አየር ሳያድግ ይከስማል። ሳቪን ቻንድና ባልደረቦቹ በ2022 ባወጡት ጥናት የዓለም አውሎ ነፋሶች ዓመታዊ ቁጥር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቀደመው ዘመን ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል ቀንሷል። ሁሉም ግን አልተስማማም፤ ስመ ጥሩው ኬሪ ኢማኑኤል በ2013 ቁጥሩ ይጨምራል የሚል ውጤት አውጥቷል። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ሪፖርቱ ያለው፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጠቅላላ ብዛቱ ይቀንሳል ወይም ባለበት ይቆያል፤ ከሚነሱት ውስጥ የብርቱዎቹ ድርሻ ግን ያድጋል፣ ዝናባቸውም ይከብዳል። ጥቂት ሆነው የሚመጡት የባሱት ናቸውና ቁጥሩ ቀነሰ ተብሎ የሚጽናና ሰው ራሱን ያታልላል።

በ2006 ሞገዱ የሚያልፍበትን ሰማይ ለመለካት የተደረገው ታላቅ ዘመቻ ያተኮረው በምዕራብ አፍሪካ ነበር፤ ኒያሜይ፣ ዳካር፣ ኬፕ ቨርዴ። ሞገዱን እዚያ ያዙት፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ግን የእኛ ደጋ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ባለሙያዎች አሉት። የሐምሌውን ዳመና ገና ከጮቄ ሲነሳ፣ በሰዓቱና በከፍታው፣ አብረው ይለኩት። መረጃው ለቡሬ ገበሬ የበረዶ ማስጠንቀቂያ፣ ለባሕር ማዶ ሰው ደግሞ የአውሎ ነፋስ ትንበያ ይሆናል።