በቡድን ሥራ ውስጥ የተፈጥሮ ሚናን ማወቅ

የቡድን ሚና ማለት አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሠራ ደጋግሞ የሚያሳየው የአሠራር ጠባይ ነው። ከሥራ መደብ ይለያል፤ መደብ በደብዳቤ ይሰጣል፣ ሚና ግን በተግባር ይገለጣል።

በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ ደቦ ሲጠራ ይህ በግልጽ ይታያል። ባለደቦው ሰዉን ያስተባብራል፣ ምግብና መጠጡን ያሰናዳል። አውራጁ በዜማ የሥራውን ፍጥነት ይመራል፣ ተቀባዮቹ እያጨዱ ይከተሉታል። ነዶ የሚሸከም አለ፤ ዝናብ እንዳይገባው አስተካክሎ የሚከምርም አለ። ሁሉም አውራጅ ቢሆን አጫጅ ይጠፋል፤ ከማሪ ባይኖር የታጨደው ይበላሻል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሜሬዲት ቤልቢን የቡድን ሚናዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 መጽሐፍ አሳተመ። በመጀመሪያ 8 ሚናዎችን ለየ፤ በኋላ 9ኛው ተጨመረ። በ3 ይመደባሉ፦

1. ተግባር ተኮር፦ ሥራን የሚገፋ፣ ዕቅድን ወደ ተግባር የሚለውጥ፣ ጀምሮ የሚጨርስ።
2. ሰው ተኮር፦ አስተባባሪ፣ አግባቢ፣ ከውጭ ዕድልና ግንኙነት የሚያመጣ።
3. ሐሳብ ተኮር፦ አዲስ ሐሳብ አፍላቂ፣ አመዛዛኝ፣ የሙያ ባለቤት።

የራስን ሚና ለመለየት 3 ጥያቄዎች ይረዳሉ። አንድ ሰው ማንም ሳያዘው በቅድሚያ የሚይዘው ሥራ የትኛው ነው? የሥራ ባልደረቦች ለምን ጉዳይ ይፈልጉታል? የትኛው ሥራ ቶሎ ያሰለቸዋል?

ብዙ ሰው ከአንድ በላይ ሚና ይስማማዋል። እያንዳንዱ ሚና የራሱ ድክመትም አለው፤ ሐሳብ አፍላቂው ዝርዝር ሊዘነጋ፣ ጨራሹ ከልክ በላይ ሊጨነቅ ይችላል። ጠንካራ ቡድን የሚባለው የአንዱ ጉድለት በሌላው ብርታት የሚሞላበት ነው።