ካንሰር አጥንት ላይ እንዴት ይበቅላል?

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቱም ወይም ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውላ የተመለሰች ሴት ወገቧን ይዛ ስትቃትት ምክንያቱ ሩቅ አይፈለግም፤ ሸክም ነው፣ ብርድ ነው፣ ዕድሜ ነው ይባላል። ቅቤ ተቀብታ ትታሻለች፤ ካልተሻላት ወጌሻ ይጠራላታል። ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን ይህች ሴት ከአምስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ታክማ ከነበረና ሕመሙም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከጡት ተቆርጦ የወጣ በሽታ ወገብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለዚህ ጥያቄ ከማንም ቀድሞ ጥሩ መልስ የሰጠው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስቲቨን ፓጄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስገረመው። ደም ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ካንሰሩ ግን ጣፊያን እየተወ ጉበትንና አጥንትን ይመርጣል። ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ሲወድቅ ነው አለ።

ይህን ለቡና አገር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ጦጣ የበላችውን እሸት ቡና ፍሬውን በየሄደችበት ትጥለዋለች። ድንጋይ ላይ ያረፈው ይደርቃል፣ ጠራራ ላይ የወደቀውም እንዲሁ። ዛፍ ጥላ ሥር፣ የበሰበሰ ቅጠል መሐል የገባው ግን ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ከዋናው ዕጢ ተላቀው ደም ውስጥ ከሚገቡት የካንሰር ሴሎችም እጅግ የሚበዙት መንገድ ላይ ያልቃሉ። ታዲያ የተረፉት ጥቂቶች አጥንት ውስጥ ምን ጥላ አገኙ?

አንዱ መልስ ብግነት ነው። «ቁስሉ ተቆጣ» ስንል ሐኪሞች ብግነት የሚሉትን እየተናገርን ነው። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ነጭ የደም ሴሎች ተጠርተው መጥተዋል ማለት ነው። ከደም ሥር ሾልከው ወጥተው ጀርሙን ይገድላሉ፣ የሞተውን ይጠርጋሉ፣ አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዙ ኬሚካሎች ያመነጫሉ። ሥራው ሲያበቃ ይበተናሉ። ካንሰር ያለበት ቦታ ላይ ግን አይበተኑም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን የማይሽር ቁስል ሲል የጠራው ለዚህ ነው። ቁስል ለማዳን የመጣው ጉልበት ሳያውቀው ለዕጢው ያድራል፤ የደም ሥር ይዘረጋለታል፣ ማምለጫም ይከፍትለታል።

አጥንት ደግሞ እንደሚመስለን ደረቅ ድንጋይ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲገነባ ይኖራል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ አፍራሽ ሴሎች አሲድ እያመነጩ አሮጌውን አጥንት ይቦረቡሩታል፤ ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስቶች ከኋላ እየተከተሉ ጉድጓዱን ይሞላሉ። አጥንት ጎተራም ነው፤ ካልሲየም ብቻ ሳይሆን ሴሎችን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖችም ታሽገው ተቀምጠውበታል።

ብግነት የሚያበላሸው ይህን ሚዛን ነው። ኢንተርሉኪን 6ን የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞች ሲበዙ ራንክኤል የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይበዛል፤ እሱም አፍራሾቹን ይቀሰቅሳል። በብግነት ምክንያት የመገጣጠሚያ አጥንታቸው የሚበላ የሪህ ሕመምተኞች ላይ የሚሠራውም ይኸው መንገድ ነው። አጥንቱ ሲቦረቦር ጎተራው ይከፈታል፣ የታሸገው ማሳደጊያ ይፈስሳል፣ ተሸሽጎ የነበረው የካንሰር ሴል ይጠግባል። የጠገበው ሴል ተራውን አፍራሾቹን የሚጠራ መልእክት ይልካል፤ እንደገና ይቦረቦራል፣ እንደገና ይበላል። አጥንቱን የሚያደቀው በአብዛኛው ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን የገዛ አካላችን አፍራሽ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይለያል፤ ገንቢዎቹን ያበዛል፣ የሚሠራው አጥንት ግን ቅጥ የሌለውና ደካማ ነው።

አንዳንዱ ሴል እንደደረሰ አያድግም። መቅኔ ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ አድፍጦ ይተኛል። ምን ይቀሰቅሰዋል? እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የአይጦች ሳንባ በትምባሆ ጭስ ሲቆጣ ተኝተው የነበሩ የጡት ካንሰር ሴሎች እንደነቁ አሳይቷል። የታየው ሳንባ ላይ እንጂ አጥንት ላይ አይደለም፤ አይጥም ሰው አይደለም። ያም ሆኖ ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው ሲጋራም ይሁን ጋያ ማጨሱን እንዲተው የሚመክር ሐኪም በቂ ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው ብግነት የሚያስታግስ ክኒን እየዋጥኩ አልከላከለውም?» ይል ይሆናል። ተሞክሯል። የጡት ካንሰር የታከሙ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ አስፕሪን ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት የበሽታውን መመለስ እንዳልከለከለ አሳይቷል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክማ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። የተሻለ ውጤት ያሳየው አፈሩን ማከም ነው። ከ18,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠቃልለው ሲታዩ፣ የወር አበባቸው ካቆመ ሴቶች መካከል እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉ አፍራሾቹን የሚያደክሙ መድኃኒቶች የወሰዱት ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው የመመለሱ ዕድል በሩብ ያህል ቀንሷል።

አጥንት ላይ የደረሰ ካንሰር ብዙውን ጊዜ አይነቀልም፤ ሕመሙ ግን ይታከማል። አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ለብዙ ሳምንታት እፎይታ ያመጣል። ጨረር ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ ሕክምና ነበር፤ አሁን ጅማም ተጀምሯል። ከቱም ለሚነሳ ሰው ጅማም ቢሆን ቅርብ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ግን ይሻላል።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው አዲስ የአጥንት ሕመም ሲሰማው አታሹት፣ ለወጌሻም አትስጡት፤ የተቦረቦረ አጥንት በእጅ ጫና ሊሰበር ይችላል። እግሩ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት። የቀድሞ ሕክምናውን ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ፣ 10 ዓመት ያለፈው ቢሆን እንኳ።